ፍራሽ በምታህል ቦታ

በእኛ ቤት ስንቅ ማመላለስ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሙያ ነው። አያቴ ከርቸሌ ተመላልሳለች። ያኔ ወህኒ ቤቱ መሀል ከተማ ስለነበረ ከልደታ ተነሥታ በእግሯ ትደርስ ነበር። የደርግን ዘመን ስታወራ «ዓለም በቃኝ» የሚለውን ስም አፏ ላይ ማምጣት አትወድም፤ «እዚያ» ነው የምትለው። ግቢው ፈርሶ በቦታው አዲሱ የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ተሠራ፤ ጥር 2004 ዓ.ም. ሲመረቅ አብረን በቴሌቪዥን አየን። መቶ ሜትር የሚጠጋውን ፎቅ ልብ ያለችው አልመሰለኝም። ዓይኗ ታች ታች ይል ነበር፤ የምታውቀው ነገር ቀርቶ እንደሆነ ትፈልጋለች። «አጥሩ የት ደረሰ?» አለች። ማንም አልመለሰላትም።

በዚያው ዓመት የቤታችን ስንቅ አቅጣጫውን ወደ ደቡብ አዞረ፤ ወደ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት። ተረኛዋ እኔ ነበርኩ።

የታሰሩት አጎቴ ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ለረጅም ዘመን የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበሩ። ፊሽካ፣ ነጭ ሸራ ጫማ፣ «አንድ-ሁለት! አንድ-ሁለት!» ሲሉ የሚሰማው ድምፃቸው ትዝ ይለኛል። ጡረታ ሳይደርሱ ጠመኔውን ትተው የሕንፃ መሣሪያ ንግድ ገቡና መጨረሻው ደረቅ ቼክ ሆነ፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693። በንግድ ዓለም ያለፈ ሰው ታሪኩን ሳልነግረው ያውቀዋል፤ የማያውቅም ባያውቀው ይሻለዋል። እሳቸው ራሳቸው የሚያነሡት ለቀልድ ብቻ ነው፦ «ቼኬ ስንቅ አጣ እንጂ እኔስ ስንቅ አጥቼ አላውቅም»።

ያን ጊዜ ወደ ቃሊቲ የሚሄድ ባቡር አልነበረም፤ የመጣው መስከረም 2008 ላይ ነው። ከስታዲየም ታክሲ ይያዛል፤ በሳሪስ፣ በአቦ አድርጎ የመንገዱ አቧራና የፋብሪካው ጭስ እየተቀባበሉን እንደርሳለን። ታክሲ ውስጥ ጠያቂ ለጠያቂ ይተዋወቃል። ምሳ ዕቃው በነጠላ ተቋጥሮ ጭን ላይ ተቀምጧል፤ ፔርሙዙ በሁለት እግር መሀል ተይዟል፤ ፌስታሉ ውስጥ ሳሙናና የታጠበ ልብስ አለ። ረዳቱ «ቃሊቲ ወራጅ አለ?» ሳይል የት እንደምንወርድ ያውቃል። አንዳንዱ ረዳት ለስንቅ ዕቃው አይጠይቅም፤ አንዳንዱ ደግሞ ለፔርሙዙም ሒሳብ ይፈልጋል። ከተማ ነው።

ሰልፉ ላይ ያገኘሁትን ማኅበር ከዚያ ወዲያ የትም አላገኘሁም። ስሙ ያልተጠራ፣ ሰብሳቢ የሌለው፣ መዋጮ የማይጠይቅ ማኅበር ነው። አዲስ ጠያቂ መጥታ ግራ ሲገባት ከኋላ ያለችው ሴት መታወቂያ ያስፈልግሻል፣ ይህን አይቀበሉሽም፣ ወጡን ቀምሰሽ ታሳያለሽ፣ እያለች ሥርዓቱን ሁሉ እዚያው ቆማ ታስጠናታለች። በሶና ዳቦ ቆሎ እንደሚቆይ፣ ቲማቲም የገባበት ወጥ ለነገ እንደማይሆን፣ ሹሮው ወፈር ቢል እንደሚሻል የተማርኩት ከዚያ ነው። ከገጠር የመጡ እናት አውቶብስ ሲያመልጣቸው ማን ቤት እንደሚያድሩ የሚወሰነው እዚያው ሰልፍ ላይ ነበር። ባለጸጋና ድኻ፣ በሙስና የተከሰሰ ባለሥልጣን ሚስትና የኪስ አውላቂ እናት ትከሻ ለትከሻ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ስለ ወንጀሉ መጠየቅ ነውር ነው። «የማን ነሽ?» ይባላል እንጂ «ምን አድርጎ ነው?» አይባልም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 21 የታሰረ ሰው ሰብዓዊ ክብሩ በሚጠበቅበት ሁኔታ ሊያዝና በትዳር ጓደኛው፣ በቅርብ ዘመዶቹ፣ በጓደኞቹ፣ በሃይማኖት አማካሪዎቹ፣ በሐኪሞቹና በጠበቃው ሊጎበኝ መብት እንዳለው ይናገራል። ከሰልፍ ወዳጆቼ አንቀጹን ያነበበች አንዲትም የነበረች አይመስለኝም። «ታስሬ ጠየቃችሁኝ» የሚለውን ግን ሁሉም ያውቁታል፤ እስላሟም ክርስቲያኗም።

ከጋሼ ጋር በእንጨቱ ማዶና ማዶ ሆነን እንነጋገራለን። ከግራም ከቀኝም ሰው ስለሚጮህ ማውራት ጉሮሮ ይፈልጋል። መጀመሪያ ሰሞን ስጠይቃቸው የሚሉኝ «ደኅና ነኝ» ብቻ ነበር፤ ዓይናቸው ግን እኔን አያየኝም። ክብደታቸው ቀንሷል። መምህር ሆኖ ለኖረ ሰው ከሁሉ የከፋው፣ ጠዋት ተነሥቶ የሚጠብቀው ሰው አለመኖሩ ነው። ይህን ያሉኝ በኋላ ነው።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ እንጀራ ጨምሪ አሉኝ። «ማዕዳችን ላይ ሰው ጨምረናል፤ ጠያቂ የሌለው ነው።» ቀጥሎ ደግሞ የወገብ ቅባት ታዘዝኩ። ለማን? ለሹፌሩ።

የሹፌሩ ነገር እንዲህ ነው። አጠገባቸው የሚተኛው ሰው የከባድ መኪና ሹፌር የነበረ፣ በመኪና አደጋ የተፈረደበት ነው። ሲነዳ የኖረበት ወገብ ስስ ፍራሽ ላይ በጎን መተኛት ሲጨመርበት አንድ ጠዋት ተቆለፈ። ለቆጠራ መነሣት አቃተው። ሁለት ሰው ደግፎ ሊያቆመው ሲታገል ጋሼ «ተዉት! አታንሡት!» ብለው ጮኹ። በዚያ ቤት ውስጥ ድምፃቸው ሲሰማ ያ የመጀመሪያው ነበር። በጀርባው አስተኝተው ጉልበቱን አስታጠፉት፤ እግሩን በታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ ሰቀሉለት፤ እጁን ሆዱ ላይ አስደርገው «ሆድህን በአየር ንፋ፣ ቀስ ብለህ አስወጣ፤ ከምታስገባው ይልቅ የምታስወጣው ይርዘም» አሉት። እሳቸው ሲቆጥሩ እሱ ሲተነፍስ ጥቂት ቆይቶ ጉልበቱን ወደ ደረቱ መሳብ ቻለ። በማግሥቱ እንደገና። በሦስተኛው ቀን ማዶ ያሉ አንድ ሽማግሌ «ለእኔም አንገቴን» አሉ።

ከዚያ በኋላ ተራ ተያዘ። እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት በቅዳሜና በእሑድ ቁርጥራጭ፣ በጩኸት መሀል ነው፤ ግን ከሁሉ የማልረሳው ሥራው የተሠራበትን ቦታ ነው። ትምህርት ቤት ሳሉ ሜዳ፣ መረብ፣ ኳስ የነበራቸው ሰው አሁን ያላቸው የአንድ ፍራሽ ስፋት ነው። ሩጫ የለም፤ ዝላይ የለም። ስለዚህ መሬት ለመሬት የሚሠራውን ከጥንቱ ትምህርታቸው እየፈለጉ አወጡ። በእጅና በጉልበት በርከክ ብሎ ጀርባን ማጉበጥና ማጎድጎድ፤ ተቀምጦ እግርን ዘርግቶ ወደ ፊት መታጠፍ፤ በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን ወደ አንድ ጎን፣ ፊትን ወደ ሌላው ማዞር። ግድግዳ ያገኘ እግሩን ግድግዳ ላይ ይሰቅላል። ሰው ቀኑን ሙሉ ሲቀመጥ የጭኑ ፊት ለፊትና የዳሌው ጡንቻ ሊያጥርና ወገቡን ወደ ፊት ሊጎትተው ይችላል፤ ወገቤን የሚለው ሰው ሕመሙ አንዳንዴ የሚመጣው ከዳሌው ነው። ጋሼ ይህን ያውቁት ነበር። የማያውቁት ያደረጉት ነገር ግማሹ ዮጋ መሆኑን ነው። እኔም አላውቅም ነበር።

ተንበርክኮ ግንባርን መሬት ማስነካት ላይ ሲደርሱ አንድ ቄስ ሳቁ ይባላል። «ይሄንንስ እኛ ከመቼ ጀምሮ!» አጠገባቸው የነበረው የመርካቶ ነጋዴ ደግሞ በቀን አምስት ጊዜ የሚያደርገው ነውና ለቀሩት አሳያቸው። ጋሼ ለአንዱም ስም አላወጡለትም። ቤቱ «የጋሼ ስፖርት» አለው፤ በዚያው ቀረ።

ደንቡ ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ የተማረ ያስተምራል፦ ወገቡ የተፈታለት ሹፌር ቀጥሎ የሚመጣውን አዲስ ገቢ መያዝ አለበት። በተለይ አዲስ ሰው የሚያድርባት የመጀመሪያዋ ሌሊት የእሱ ኃላፊነት ናት፤ እንቅልፍ እንደማይመጣ ሁሉም ያውቃልና አጠገቡ ሆኖ ትንፋሽ ያስቆጥረዋል፤ አራት ሲያስገባ፣ ስድስት ሲያስወጣ። ሁለተኛው ደንብ ጠዋት የቀረ ሰው ይፈለጋል። ከፍርድ ቤት መልስ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የቀረ ካለ፣ ማንም ምክር አይሰጠውም። አንዱ ሄዶ አጠገቡ ይሠራል። አጠገቡ፣ ፍራሹ ዳር። ተነሣም አልተነሣም።

ስለ ትንፋሹ ነገር በኋላ አንብቤያለሁ። አየር ስናስገባ የልብ ምት ትንሽ ይፈጥናል፣ ስናስወጣ ይቀንሳል፤ ከአንጎል ሥር ተነሥቶ ልብንና ሆድን የሚያገናኘው ቬገስ የተባለው ነርቭ ሥራ ነው። ማስወጫው ሲረዝም ገላው «አደጋው አለፈ» የሚል ምልክት ይደርሰዋል። ፍርዱን አይቀንስም፤ ሌሊቷን ግን ያሳጥራል።

ስለ ቃሊቲ የተጻፈው ባብዛኛው በታወቁ ሰዎች ወይም ስለ ታወቁ ሰዎች ነው፤ ደግሞም ይገባል። በእነዚያ ዓመታት በሴቶቹ ዞን መምህርትና ጋዜጠኛ ርዕዮት ዓለሙ ነበረች፤ 14 ዓመት ተፈርዶባት በይግባኝ 5 የሆነላት፣ እስር ላይ ሳለች የዩኔስኮን የጊዬርሞ ካኖ ሽልማት ያገኘች፣ ሐምሌ 2007 የወጣች። ሁለቱ ስዊድናውያን ጋዜጠኞች፣ ማርቲን ሺቢዬና ዮሃን ፔርሾን፣ ጳጉሜን 5 ቀን 2004 በይቅርታ ሲወጡ እኔ ለእንቁጣጣሽ ዶሮ ይዤ ልሄድ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፤ በሬዲዮ ሰማሁ። እነሱም በእስር ያሳለፉትን 438 ቀን የመጽሐፋቸው ርዕስ አደረጉት። ርዕዮትን ሊጠይቁ ይመላለሱ የነበሩት ወጣቶች ደግሞ ከዚያው ግቢ ስም ይዘው ወጡ። ማረሚያ ቤቱ ስምንት ዞን ነበረው፤ እስረኞቹ ውጭውን «ዞን ዘጠኝ» ይሉት ነበርና ጦማራቸውን በዚያ ሰየሙት። ሚያዝያ 2006 ላይ እነሱም ታሰሩ፤ ከፊሎቹ በ2007 መጨረሻ፣ የቀሩት በ2008 መጀመሪያ ተፈቱ። ይህን የማነሣው አንድ ነገር ስለሚከነክነኝ ነው፤ የሹፌሩን፣ የነጋዴውን፣ የደረቅ ቼኩን ቃሊቲ የጻፈው የለም። ሰልፉ ላይ የነበርነው አብዛኞቻችን ግን የእነሱ ነበርን።

ጋሼ እስር ላይ እያሉ ነው እኔ ዮጋን ያገኘሁት። መነሻው የራሴ ወገብ ነው፤ ቢሮ ተቀምጬ የዋልኩበት። ቦሌ አካባቢ ያለ ትንሽ አዳራሽ ውስጥ በርከክ ብዬ ጀርባዬን አጉብጬ ሳጎደጉድ ሳቄ መጣ። አስተማሪዋ ደነገጠች። ያን ቅዳሜ ለጋሼ ስነግራቸው በእንጨቱ ማዶ ሆነው «ስንት ያስከፍሏችኋል?» አሉ። ነገርኳቸው። ደጋግመው ሳቁ፤ ዙሪያቸው ላሉትም አወሩላቸው፤ እነሱም ሳቁ። ቃሊቲ ውስጥ ያን ያህል ሰው አንድ ላይ ሲስቅ አይቼ አላውቅም ነበር።

እናቴ ግን አልሳቀችም። «ይሄ የህንዶች አምልኮ አይደለም ወይ?» ብዙ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ነው፤ ቀላል መልስ አለው ብዬም አልዋሽም። ዮጋ ከሂንዱ እምነት ምድር የበቀለ ነው፤ የፓታንጃሊ መጽሐፍ ስምንት ክፍል ሲቆጥር ገላን ማፍታታቱ ሦስተኛው ብቻ ነው። ከእሱ የሚቀድመው አለመጉዳት፣ አለመዋሸት፣ አለመስረቅ፣ አለመስገብገብ ነው። (ስምንት ዞን፣ ስምንት ክፍል፤ መገጣጠሙ ያስቃል እንጂ ምንም አላወጣሁበትም።) ለእናቴ የነገርኳት የቄሱን ነገር ነው። «እሳቸው ከሠሩት እኔ ምን አገባኝ» አለች፤ እስከ ዛሬ ግን አዳራሹ ውስጥ ገብታ አታውቅም።

በኋላ አስተማሪ ለመሆን ናይሮቢ ሄጄ የ200 ሰዓቱን ሥልጠና ወሰድኩ። ኬንያውያን በዚህ ነገር ከእኛ ብዙ ቀድመዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የተመሠረተው አፍሪካ ዮጋ ፕሮጀክት ከኪቤራና ከመሰል ሰፈሮች ወጣቶችን አሠልጥኖ በየሰፈሩ፣ በየትምህርት ቤቱ፣ ማረሚያ ቤትም ጭምር ያስተምራል። የእኔ ሥልጠና ላይ አንድ ቀን ወረቀት ታደለን፤ ሦስት ጥያቄ። ዓላማህ ምንድን ነው? ማኅበረሰብህ ማን ነው? አገልግሎትህ ምን ይሆናል? በዚሁ ቅደም ተከተል። አጠገቤ ያለችው ልጅ እንባዋ እየወረደ ጻፈች። እኔ ከመጀመሪያው ጥያቄ አላለፍኩም።

ቅደም ተከተሉ ነው ያልተዋጠልኝ። መጀመሪያ ዓላማህን እወቅ፣ ከዚያ ወገንህን ፈልግ፣ በመጨረሻም አገልግል። ይህ ጊዜውም ምርጫውም ላለው ሰው የተሠራ መሰላል ነው። ቃሊቲ ያየሁት የተገለበጠውን ነው። ጋሼ ዓላማ ፍለጋ አልተቀመጡም፤ እንዲያውም ምንም ዓላማ አልነበራቸውም። የሹፌሩ ወገብ ተቆለፈ። እሱን ሲያነሡ ሽማግሌው መጡ፤ ሽማግሌውን ሲይዙ ቤቱ ተሰበሰበ፤ ቤቱ ሲሰበሰብ ጠዋት ላይ የሚጠብቃቸው ሰው አገኙ። ዓላማ የሚባለው የመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ሲመጣም ማንም ስም አልሰጠውም። ያን ቀን ወረቀቱን አዙሬ ከታች ወደ ላይ ሞላሁት። አሠልጣኛችን አየችና ምንም አላለችም።

የዮጋን ታሪክ ሳነብም ዓይኔ ወደ እስር ቤቶቹ መሄዱ አልቀረም። ጋንዲ እ.ኤ.አ. በ1930 የርቫዳ ወህኒ ሳሉ በየማክሰኞው ወደ አሽራማቸው ደብዳቤ ይጽፉ ነበር፤ ስለ እውነት፣ ስለ አለመጉዳት፣ ስለ እጅ ሥራ። ወህኒ ቤቱን «የርቫዳ ማንዲር» ብለው ጠሩት፤ መቅደስ ማለታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ደግሞ ጎኤንካ የተባሉት የቪፓሳና ሜዲቴሽን መምህር ጃይፑር ማዕከላዊ እስር ቤት ሊያስተምሩ ገቡ። የተወሰኑ እስረኞችን በእግር ብረት አመጡላቸው። ሰው በብረት ታስሮ እኔ አላስተምርም አሉ፤ ተፈታላቸው፤ ትምህርቱ ተጀመረ። ከሁለት ዐሥርት ዓመታት ግድም በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1994፣ ኪራን ቤዲ በምትመራው የዴልሂው ቲሃር እስር ቤት ከሺህ የሚበልጡ እስረኞች አንድ ላይ ለዐሥር ቀን በዝምታ ተቀመጡ። ሁሉም የሚያወራው ስለ ሺው ነው። እኔን የሚይዘኝ የጃይፑሩ ነው። መምህሩ መጀመሪያ ያዩት እግራቸውን ነው፤ ነፍሳቸውን ማሻሻል ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነበር።

ማንዴላም አለ፤ እሱ ላይ ደግሞ የእኛ እጅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1962 ኮልፌ ላይ፣ በኮሎኔል ታደሰ ብሩ ሥር ወታደራዊ ሥልጠና ወስዷል፤ ስድስት ወር የታሰበው በሁለት ወር ገደማ ተቋርጦ አገሩ ገባና ብዙም ሳይቆይ ተያዘ። ሮበን ደሴት ላይ በጠባብ ክፍሉ ከሰኞ እስከ ሐሙስ እዚያው በቆመበት እስከ 45 ደቂቃ ይሮጥ ነበር፤ በጣቱ ጫፍ ተደግፎ መቶ ፑሽ አፕ ይሠራ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቀው የእስረኞች አያያዝ መመሪያ በስሙ የተጠራ ሲሆን፣ ቁጥር 23 ላይ፣ ሜዳ ላይ ሥራ የሌለው እስረኛ ሁሉ አየሩ ከፈቀደ በቀን ቢያንስ አንድ ሰዓት ውጭ ወጥቶ ሰውነቱን እንዲያንቀሳቅስ ይላል። ለጋሼ ይህን ስነግራቸው የማንዴላን ፑሽ አፕ አልወደዱትም። «ብቻውን ነው የሠራው» አሉ። ክፍሉ የብቻው ነበርና ምን ያድርግ ብላቸው «እሱማ አዎ፤ ግን ከባድ ነው» አሉኝ።

ጋሼ የፍርዳቸውን ሁለት ሦስተኛ ጨርሰው በአመክሮ ወጡ። ቤት ድግስ ነበር፤ በግ ታረደ፤ አያቴ እልል አለች። ከዚያ በኋላ የመጣውን ግን ማናችንም አልጠበቅንም። ጋሼ ተኙ። ሌሊትና ቀን አይደለም፤ ጠዋት ጠዋት። ለቆጠራ በሚነሡበት ሰዓት ዓይናቸው ይከፈታል፣ ግን አይነሡም። አልጋቸው ሰፊ፣ ክፍላቸው ሰፊ፣ ግቢው ሰፊ። እኔም የተማርኩትን ይዤ ቀረብኩ፤ ምንጣፍ ዘረጋሁ፣ «ጋሼ፣ እንሥራ» አልኳቸው። ሁለት ቀን ሠሩልኝ። በሦስተኛው «አንቺ ወገብሽ ደኅና ነው» አሉኝና ተመልሰው ተኙ።

የጠፋቸው ነገር ምን እንደሆነ የገባኝ ሹፌሩ ሲደውል ነው። እሱም ወጥቷል፤ ሳሪስ አካባቢ አንድ ጋራዥ ተቀጥሯል፤ ወገቡ እንደገና ይዞታል። ጋሼ ስልኩን እንደዘጉ ሸራ ጫማቸውን ፈለጉ። ነጩ ሸራ ጫማ በአይጥ ተበልቶ ነበርና በእኔ ስሊፐር ሄዱ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሹፌሩ ከጋራዡ ሁለት ሰው ጨመረ። ቀጥሎ የአንደኛው እናት መጡ፤ ጉልበታቸውን። ከዚያ የመርካቶው ነጋዴ ሰምቶ መጣ። እኔ ያን ጊዜ የራሴን አዳራሽ ተከራይቼ ለከፈለ ሰው አስተምር ነበርና ቅዳሜ ጠዋት ባዶ መሆኑን ነገርኳቸው።

እንዲህ ሆኖ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣው ሰው ድብልቅ ነው። የከፈለም አለ፣ ያልከፈለም አለ። ክፍያውን መጀመሪያ እኔ በወግ ላስይዘው አስቤ ነበር፤ የሚችል ይህን ያህል፣ የማይችል ያን ያህል፣ ማስረጃ ያለው እንዲህ። ጋሼ ሰሙና ተቆጡ። «ማዕድ ላይ የሰው ጠያቂ አይቆጠርም።» በሩ አጠገብ አንድ የብስኩት ጣሳ አስቀመጡ፤ ያለው ይጥላል። የወሩ ኪራይ አንዳንዴ ይሞላል፣ አንዳንዴ እኔ እሞላዋለሁ። ስለ ገንዘቡ ሳስብ አልፎ አልፎ ይከፋኛል፤ የአዳራሽ ኪራይ አዲስ አበባ ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ የተከራየ ያውቃል።

ሁለቱ ደንቦች ከቃሊቲ እንዳሉ መጥተዋል። የቀረ ሰው ይፈለጋል፤ ለዚህ ጋሼ የስልክ ቁጥር የተጻፈበት ደብተር አላቸው፤ ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ደውለው ይጨርሳሉ። አንዳንዱ ተማሪዬ ይህ ያስጨንቀዋል፤ «እኔ ዘና ልል ነው የምመጣው» ብላ የተወችም አለች። አልፈርድባትም። የተማረ ያስተምራል የሚለው ደግሞ ለእኔ ለአስተማሪዋ ራስ ምታት ነው፤ ሹፌሩ አዲስ የመጣ ሰው አንገት ሲያዞር ሳይ ነፍሴ ትወጣለች። «ቀስ! በትንፋሽ!» እላለሁ። «ቃሊቲ እንዲህ ነበር የምናደርገው» ይለኛል። ለዚህ መልስ የለኝም።

የማንስማማበት አሁንም አለ። እኔ በትምህርቱ መጨረሻ ሁሉም በጀርባው ተኝቶ ዐሥር ደቂቃ ዝም እንዲል እፈልጋለሁ፤ የዮጋ ወጉ ነው፣ ገላም ይፈልገዋል። ጋሼ ደግሞ ዐሥር ደቂቃ ዝም ብሎ መተኛት ፈጽሞ አይዋጥላቸውም። «ተኝተን ኖረናል እኮ! ይልቅ ቡናው ይምጣ፤ ማን ታሟል፣ የማን ልጅ ለፈተና ተቀመጠ፣ የማን ጉዳይ ለመቼ ተቀጠረ፣ ይወራ» ይላሉ። ነጋዴው ከእኔ ጋር ነው፤ የጋራዡ ልጆች ከእሳቸው ጋር ናቸው። ባለፈው ቅዳሜ አምስት ደቂቃ ዝምታ፣ የቀረው ቡና ብለን ተስማማን፤ በሦስተኛው ደቂቃ ላይ አንዲት እናት «ስኳር አለ ወይ?» አሉ።